ባለበት ሁኔታ

ቡናው እስኪፈላ ላውጋችሁ። ባለቤቴ ይህን ጉድ ለሰው እንዳልናገር አስምላኛለች፤ እናንተ ግን ሰው አይደላችሁም፣ ቤተሰብ ናችሁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አገር እንዳይገባ ሲከለክል፣ እኔ አርቆ አሳቢው «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ብዬ ከአንድ ጨረታ ያገለገለች ጎልፍ ካርት ገዛሁ። አቃቂ ላይ ጎልፍ ማን ይጫወታል እንዳትሉኝ። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች፣ ማድረሱ የኔ ነው። ማስታወቂያው «ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» ይላል። ያለችበትን ሁኔታ ግን ማን ይጠይቅ?

ሁለት ወር ተንሸራሸርኩ። የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ!» እያሉ ኮብልስቶኑ ላይ ይከተሉኝ ነበር። ከዚያ ዳገት ሲመጣ ማቃሰት ጀመረች። ከመቀመጫዋ ሥር ስድስት ባትሪ አለ፤ እያንዳንዱ 8 ቮልት፣ ተደማምረው 48። ባትሪ ቤት ያለው ልጅ አንድ በአንድ ለካቸውና «ጋሼ፣ አንዱ ሞቷል፣ አምስቱ እያጣጣሩ ነው፤ ሁሉንም ቀይራቸው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ እኔም ማጣጣር ጀመርኩ። ጋሪዋን ከገዛሁበት ይበልጣል! ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ዘሏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም አብሮ ዘሏል። ያልዘለለው የኔ ኪስ ብቻ ነው።

ታዲያ ብልጥ አይደለሁ? «የሞተውን ብቻ ቀይርልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። አሮጌዎቹ ቶሎ ሲያልቁ አዲሱም አቅም እያለው አብሮ ይቆማል። ቻርጅ ስታደርግ ደግሞ እነሱ አልሞላ ሲሉ አዲሱ ይፈላል።»

እናቴ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ትል ነበር። ያን ዕለት ግን የእናቴ ተረት ጨርሶ ትዝ አላለኝም። አንዱን ገዝቼ፣ የአምስቱን ዋጋ ያተረፍኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ገባሁ።

ብልጠቴ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ክዳናቸውን ከፍቼ ሳይ ውሃቸው ጎድሏል። ባትሪ የሚፈልገው ምንም ማዕድን የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው፤ ልጁም ነግሮኛል። እኔ ግን ጓዳ ውስጥ የታሸገ የማዕድን ውሃ አየሁ። «ማዕድን ለሰው ጤና ከሆነ ለእነሱስ?» ብዬ ስድስቱንም አጠጣኋቸው። ኋላ ልጁ ሲሰማ ራሱን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ጠበል ብታስጠምቃቸው ይሻል ነበር» አለኝ።

ወር እንደሞላ፣ ለአርባ ተዝካር የታዘዘ 200 እንጀራ ጭኜ ወጣሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱ መሐል ላይ ጋሪዋ ፍግም አለች። ከኋላዬ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከበታቼ የአቃቂ ወንዝ ይፈስሳል። ይኸው ወንዝ አባ ሳሙኤል ላይ ተገድቦ 6.6 ሜጋ ዋት የሚወጣበት ነው፤ እኔ 48 ቮልት አጥቼ እንጀራ ታቅፌ ቆሜያለሁ።

ማን ደረሰልኝ? አሸዋ አራግፎ የሚመለስ ባለ አህያ ጋሪ። በገመድ አስሮ ይጎትተኝ ጀመር። እኔ መሪ ይዤ፣ በቁም ነገር ግራ ቀኙን እያየሁ፣ ፍሬቻ ሳይቀር እያበራሁ ከአህያ ኋላ ተጓዝኩ። ያቺ የእናቴ ጊደር ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው። ተዝካር ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ አንድ አዛውንት ብድግ ብለው አህያዋን አዩ፣ ጋሪዋን አዩ፣ እኔን አዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ። ለማን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ቆራሌው መጣ። «ይሄኛው እኮ አዲስ ነው፣ አንድ ወሩ ነው» ብዬ ለየት አድርጌ አቀረብኩለት። አንስቶ ሚዛኑ ላይ ከአምስቱ ጋር አስቀመጠውና «ጋሼ፣ እርሳስ እርሳስ ነው» አለኝ።

ስድስቱንም አዳዲስ ባትሪዎች ባለቤቴ በእቁቧ ገዛች። ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው። አሁን እሷ ትነዳለች፤ እኔ ከኋላ እንጀራውን ደግፌ እቀመጣለሁ፣ ባለሁበት ሁኔታ።