ጀርመን፦ ከአሥር ዘጠኝ

«በቡድን ሆናችሁ ስለ አንድ የውጭ አገር ፖስተር ሠርታችሁ አቅርቡ» የሚል ትእዛዝ በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ በተሰጠ ቁጥር ከቡድኖቹ አንዱ ጀርመንን መምረጡ አይቀርም። ምርጫው ግሩም ነው። ጀርመን ሩቅ ናት፤ መርሐቤቴ ውስጥ ስለ እሷ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሁሉም ነገር ከኢንተርኔት መምጣት አለበት።

መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማንበብ አያስፈልግም፤ «ጀርመን» ብሎ መናገር ይበቃል። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ባለፈው ሳምንት ለሌላ ክፍል ስላወጣችው ፋይሉ እጇ ላይ ነው። ባለቀለም ኅትመት ስለሚወደድ ባንዲራው በጥቁርና ነጭ ይታተማል። ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ግራጫ፣ ወርቃማው ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አይዟችሁ፣ ችግር የለውም። አቅራቢዋ በማስመሪያ እየጠቆመች «እንደምታዩት ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ ነው» ስትል ክፍሉ በሙሉ እንዳየ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል።

ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ፦ ዋና ከተማ በርሊን፣ የሕዝብ ብዛት ከ83 ሚሊዮን በላይ፣ ፌዴራላዊ ግዛቶች 16፣ የመገበያያ ገንዘብ ዩሮ። ዙሪያውን በማርከር አበባ። ጀርመን ውስጥ አበባ ይኑር አይኑር አይጠየቅም፤ ለንጽሕናና ለማሳመር የተያዘ ነጥብ ግን አለ።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። አንድ ደፋር ልጅ ተነሥቶ «እዚህ ከተማችን ያለውን እናት ሆስፒታል ያሠራው ካርል የሚባል ሰው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱንም እንጨምረው» ሊል ይችላል። ቶሎ ብሎ ዝም ማሰኘት ነው። እርግጥ ነው፣ ዳርምሽታት የተወለደው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም እ.ኤ.አ. በ1981 ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ ለተራበ ሰው አንድ ማርክ አይሰጥም» ብሎ ተወራርዷል። ከዚያ ውርርድ «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ተወልዷል፤ ድርጅቱም መርሐቤቴ ገብቶ ሠርቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዝባዝንኬ «ዩሮ» የሚለውን ንጹሕ መስመር ከማበላሸት በቀር ምን ይጠቅማል? «ማርክ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ይመጣል። ያኔ መምህሩም ሊያስረዳ ነው፣ ክፍለ ጊዜውም ሊያልቅ ነው።

ከሙኒክ በስተምሥራቅ ያለችው ፋተርሽቴተን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የዓለም ከተማ እህት ከተማ መሆኗም ይቅር። አንደኛ፣ ስሟ ካርቶኑ ላይ ቦታ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ጀርመን ውስጥ ዓለም ከተማን በስም የሚጠሩ ሰዎች አሉ ከተባለ አገሪቱ ከእኛ ጋር ሥራ ያላት ሊመስል ነው። የውጭ አገር ማለት ደግሞ ውጭ የሆነ አገር ነው።

ለነገሩ ይህን ብልሃት ያጣ ምስኪን ጀርመናዊ ነበር። ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ የእኛ ልጆችም በርሊንን አላዩም፣ እስከዚህ እኩል ናቸው። እሱ ግን ስለ ኢትዮጵያ ለመጻፍ ብሎ ከመካነ ሥላሴ የሄዱትን አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ከተማ ላይ እ.ኤ.አ. በ1652 አግኝቶ፣ ቋንቋውን፣ ልማዱን፣ አገሩን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ከረመ። መጽሐፉ የወጣው በ1681 ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! የእኛ ቡድን ማክሰኞ የታዘዘውን ሐሙስ ያስረክባል፣ ያውም አንድም ሰው ሳይጠይቅ። የሚጠየቅ ሰው እኮ አልጠፋም፤ ሆስፒታሉ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበለው ጎረቤት አሁንም በራፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ግን እሱን ማተም አይቻልም።

የሥራ ክፍፍሉ በአንድ ለአምስት ነው፤ አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ድርሻቸው ፕላስተሩ ግድግዳው ላይ አልይዝ ሲል የካርቶኑን ጫፍና ጫፍ ይዞ መቆም ነው። አቅራቢዋ ለክፍሉ ጀርባዋን ሰጥታ ከላይ እስከ ታች ታነባለች። «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። የለም። ይጨበጨባል። ድንገት አንዱ እጁን አውጥቶ «ጀርመኖቹ ግን እኛ ዘንድ ለምን መጡ?» ቢል «ከርዕስ ውጪ ነው» ብሎ ማስቀመጥ የመምህሩ ፋንታ ነው። ዘጠኝ ከአሥር። አንዷ ነጥብ የተቀነሰችው ኅዳጉ በማስመሪያ ስላልተሰመረ ነው።

ፖስተሩ ከዚያ ወደ ትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ይገባል። ማዕከሉ የሚከፈተው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ስለሆነ አቧራ እንጂ የልጅ እጅ አይነካውም። እዚያ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተሣለ የአውሮፓ ካርታ ይጠብቀዋል፤ «50 ኪ.ግ» የሚለው ጽሑፍ ፖላንድ ላይ ወጥቶ ይታያል፣ ጀርመንም ገና ሁለት ናት፣ ምሥራቅና ምዕራብ። የሚቀጥለው ዓመት ባለተራ ቡድን ብልጥ ከሆነ ማዕከሉን የያዘውን ሰው ለምኖ ካርቶኑን ያወጣና ከግርጌ ያሉትን ስሞች በነጭ ፍሉድ አጥፍቶ የራሱን ይጽፍበታል። አበባውን ግን ባይነካው ይሻላል፤ ነጥብ አለው።