የሁለት ሌሊት ድህነት፣ ከነቁርሱ

አምና በጥር፣ እኛ ልጆቿ ከየደሞዛችን አዋጥተን ሰሜን ሸዋ ላለችው እናታችን ቤቷን ቆርቆሮ አለበስንላት። አሮጌው ሣር ሲገፈፍ የአርባ ዓመት ጥቀርሻ አብሮት ወረደ፤ አናጢዎቹ ከሰል አክሳይ መስለው ዋሉ። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ጎረቤት እልል አለ። እናቴ ግቢው መሐል ቆማ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ፀሐይ የሚያንጸባርቅበትን ጣራ ስታይ ቆየችና፣ «ተመስገን፣ ከእንግዲህስ እኔም ሰው ሆንኩ» አለች።

በሚያዝያ ደግሞ እኔና ባለቤቴ የጋብቻችንን ዓመት ለማክበር፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ከማይርቅ ሐይቅ ዳር፣ «ለጥንዶች ብቻ» ተብሎ በተሠራ የሣር ጎጆ ውስጥ ሁለት ሌሊት አደርን። ሒሳቡ ሲመጣ ዐይኔን አሸሁ። የእናቴን ቤት ክዳን ግማሽ ያህሉን ይሸፍን ነበር። ከሥሩ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሰፍሯል። ድህነት ላይ እሴት ሊጨመርበት እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ለማማረር አልተነሣሁም። እንዲያውም ይህን የመሰለ ሥልጣኔ የሚያደንቅ ሰው መጥፋቱ ነው ብዕር ያስነሣኝ። በእኛ ቋንቋ «ጎጆ ወጣ» ማለት አገባ፣ ራሱን ቻለ ማለት ነው። አያቶቻችን ጎጆ ለመውጣት ጠላ ጠምቀው፣ ጎረቤት ጠርተው፣ በደቦ ምሰሶ ያቆሙ ነበር። እኛ ጎጆ የወጣነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ከጎጆአችን ወጥተን ጎጆ እንገባለን። ግራ የሚገባው ካለ ትዳር አያውቅም።

ዛሬ ቢሾፍቱ ብትሉ፣ ላንጋኖ ብትሉ፣ ወንጪ ብትሉ፣ ውሃ ባለበት ሁሉ ሣር ክዳን ብርቅ አይደለም። ገጠሬው ግን እንደ እናቴ ከሣር ወደ ቆርቆሮ እየሸሸ ነው። ጨፌው ታርሷል፤ የቤት ክዳን የሚሆን ሣር እንደ ድሮው አይገኝም፤ የተገኘውም ለከብቱ አልበቃ ብሏል። ከተሜው ደግሞ ከቆርቆሮ ወደ ሣር ይሮጣል። አንድ አይሱዙ ሣር ጭኖ ወደ ሎጁ ሲወርድ፣ ሌላው አይሱዙ ቆርቆሮ ጭኖ ወደ መንደሩ ሲወጣ፣ ጠባብ ድልድይ ላይ ተገናኝተው ጡሩንባ ሲነፋፉ ይታየኛል። ሁለቱም «እኔ ወደ ተሻለ ኑሮ ነው የምሄደው፣ ቅድሚያ ስጠኝ!» የሚባባሉ ይመስለኛል።

ደግሞም ገጠር መሆን ዛሬ ማዕረግ ነው። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ይገባታል፤ ያን ሐይቅና በደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስን ገዳም ያየ አይከራከርም። እኔን የሚቆጨኝ የእናቴ መንደር ነው። እሷም መንደር ናት፤ መንደርነቷንም ለአንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም፤ የሸለማት ግን የለም። ሐይቅ ስለሌላት ይሆናል።

ወደ ጎጆአችን ልመለስ። በሩ ላይ የተቀበለን ወጣት ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ ነበር። ብርዝ በብርሌ አቀረበልን። ማታ ፈረቃው ሲያልቅ በአርሴናል ማሊያና በጂንስ ሱሪ ሲወጣ አየሁት፤ ሰላም ባይለኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር። የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ጠዋት ሲገባ ገበሬ ለመምሰል ይለብሳል፣ ማታ ሲወጣ ያወልቃል።

«ጋሼ፣ እዚህ'ኮ የእኛ የጤፍ ማሳ ነበር» አለኝ በማግስቱ ሻንጣ ሲያቀብለኝ። «አልጋችሁ ያለበት አካባቢ አውድማው ነበር።»

«ካሳ ተከፈላችሁ?»

«አባቴ ተቀብሏል። ቆርቆሮ ቤት ሠራበት።»

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40። የመሬቱን መልክ ስለ ማየት ግን ዝም ይላል። ይህን ክፍተት ሎጆቻችን ሞልተውታል። ሐይቁን ከበረንዳ ለማየት አንድ ዋጋ፣ ከገንዳ ውስጥ ሆኖ ለማየት ሌላ ዋጋ፣ የአትክልት ቦታውን ብቻ ለማየት ቅናሽ አለው። የልጁ አባት ያንኑ ሐይቅ ዕድሜ ልኩን በነፃ ሲያይ ኖሯል፤ ስንት እንደሚያወጣ ግን የነገረው አልነበረም።

የጎጆው ውስጥ ያምራል፤ ይህን ልዋሽ አልችልም። ግድግዳው ላይ ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ሰፌድ፣ ቅል፣ አገልግል። ጎታውን መብራት አስገብተውበታል። ወለሉ በእበት የተለቀለቀ እንዲመስል ቀለም የተነከረ ሲሚንቶ ነው፤ መስሏል፤ ሽታው ብቻ ይቀረዋል። መደብ የነበረበት ቦታ አራት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ተዘርግቶ፣ ላዩ ላይ የጽጌረዳ ቅጠል በልብ ቅርጽ ተበትኖ፣ ሁለት ፎጣዎች አንገታቸው ተጠማዝዞ እንደ ዳክዬ ተፋጠዋል። ከአልጋው በላይ ነጭ አጎበር እንደ ሙሽራ ቬሎ ወርዷል። እናቴ መንደር አጎበር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በነፃ የምታድለው የወባ መከላከያ ነው፤ እዚህ የፍቅር መጋረጃ ሆኗል። ያቺው ሠራተኛ ስንት ዓመት በየቤቱ እየዞረች፣ ከብትና ሰው አንድ ቤት አይደር፣ ጭስ መውጫ ይኑራችሁ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ ስትል ከርማለች። የእሷን ትምህርት ከማንም በላይ የተቀበለው ሎጁ ነው። ከብቱን አስወጥቷል፤ መጸዳጃውን በእብነ በረድ ሠርቷል፤ ጭሱንማ ከነምድጃው አጥፍቶታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላንሣ። የሣር ክዳንን ዘመን የሚያሻግረው ጭሱ ነው። ከጉልቻው የሚነሣው ጭስ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ሲወጣ ነቀዙን ያባርራል፣ ርጥበቱን ያደርቃል፣ ሣሩን በጥቀርሻ ይለብጠዋል። የእናቴ ጣራ እንደዚያ የጠቆረው በአርባ ዓመት ሽሮና ቡና ነው። እሳት ያልነደደበት ጎጆ ጣራው ይበሰብሳል። ሎጁ ታዲያ ምን አደረገ? ነቀዙን በፍሊት ገጠመው። በርቀት ያለ ዕጣን ሽታ መስሎን ነበር፤ ባለቤቴ ስታስነጥስ አመሸች።

እራት «የገበሬ ማዕድ» ይባላል። ሻማ በርቶ፣ ክራር በዝግታ እየተመታ፣ በሰፌድ ላይ፣ በሸክላ ሳሕን፣ ከላዩ ጥብስ ቅጠል ተነስንሶበት መጀመሪያ የቀረበልን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ንፍሮ! ባለቤቴ ደነገጠች። ከተማ ያደገች ናትና ንፍሮ የምታውቀው ለቅሶ ቤት ነው። ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «አንተ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ሎጁ የሚመካበት ትልቁ ነገር ጸጥታው ነው። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል፤ እንግዳ መቀበል ክልክል። «እናንተ ሁለታችሁ ብቻ» ይላል በራፉ ላይ የተሰቀለው ጣውላ። ፍቅር እንዲያብብ ባልና ሚስት ለብቻቸው መሆን አለባቸው የሚለውን ይህን ግኝት በጣም አከብራለሁ። ሆኖም እኔ ያደግሁበት ጎጆ ውስጥ አያቴ ምድጃው ዳር፣ ጥጃው ጋጣው ውስጥ፣ ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ፣ እኛ እንደ እንጨት ተደርድረን አጎዛ ላይ፣ ከአዝመራ እስከ ዐቢይ ጾም ደግሞ የማይታጣ አንድ እንግዳ ዘመድ እናድር ነበር። አባቴና እናቴ በዚያ ጠባብ ቤት፣ ያለ ጽጌረዳና ያለ ዳክዬ ፎጣ፣ ስምንት ልጅ እንዴት እንዳፈሩ እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም። የድሮዎቹ ሙሽሮችማ ጫጉላቸው ውስጥ እንኳ ከሚዜ ዐይን አያመልጡም ነበር። ሎጁ ያኔ ቢኖር ስንት ትዳር በዳነ!

እኛም ለብቻችን ሆንን። የመጀመሪያዋን ሰዓት ፎቶ ስንነሣ አሳለፍናት፤ ሁለት ብቻ መሆናችንን ሁለት ብቻ ሆነን ማወቁ ምን ያደርጋል? ሐይቁን ጀርባ አድርገን፣ ከዚያ ጎጆውን ጀርባ አድርገን፣ ከዚያ እርስ በርስ ጀርባ ሰጥተን ተነሣን። ከዚያ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣን። እዚያ ሌሎች ስድስት ጥንዶች ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል፤ ዝናብ የሚለምኑ ይመስሉ ነበር። ከመንደሩ ሰው ጋር እንዳንቀላቀል የተሠራው የእሾህ አጥር ማዶ አንዲት ሴት ውሃ ተሸክማ ቆማ ታየናለች። ከእኛና ከእሷ ገጠር ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

ይህ ፈሊጥ አዲስ የሚመስለው ካለ ይሳሳታል። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል፣ ያኔ ገና እቴጌ አልተባሉም፣ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃው ዳር ሰፈሩና ቦታውን ወደዱት። ቤት ይሠራልኝ አሉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ ብለው አወጡለት። ፍልውሃ መታጠቢያ፣ ለምለም ሜዳ፣ ንጹሕ አየር፤ ዛሬ ቢሆን ሎጅ እንለው ነበር። የሆነውን የምታውቁት ነው። ማረፊያ ቤቱን ተከትሎ ሌላ ቤት፣ ከዚያ ሰፈር፣ ከዚያ ከተማ፣ ከዚያ የመኪና መጨናነቅ መጣ፤ አሁን እኛ ከዚያ ማረፊያ የምናርፍበት ማረፊያ እንፈልጋለን። ሐይቅ ዳር አዲስ ጎጆ ሲቀለስ ባየሁ ቁጥር፣ ወደፊት ታክሲ ተራው የት ጋ እንደሚሆን አስባለሁ።

ለባለሀብቶቻችን አንድ የማሻሻያ ሐሳብ አለኝ፤ ክፍያም አልጠይቅም። እውነተኛ ገጠር የምትሸጡ ከሆነ ለምን ግማሹን ብቻ ትሸጣላችሁ? ከፍ ባለ ዋጋ ሙሉውን አቅርቡ። በዶሮ ጩኸት ቀስቅሱን። ሚስት እንስራ አዝላ ምንጭ ትውረድ፤ ባል ከአጥሩ ላይ ጅብ ያባርር። ቁንጫ በአልጋ ቁጥር ይደልደል። ከቁርስ በኋላ የቀበሌ ሰው መዝገብ ይዞ መጥቶ የማዳበሪያ ዕዳችንን ይንገረን፤ እኛም ከኪሳችን ያለውን አውጥተን ሳይሞላ ሲቀር፣ በሬውን እንሽጥ አንሽጥ እያልን እስከ እኩለ ሌሊት በሹክሹክታ እንጨቃጨቅ። ከዚህ የበለጠ ባልና ሚስትን የሚያቀራርብ የለም። እናትና አባቴን አቀራርቧል።

በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ። የሚያዝያ ዝናብ ነው፤ ልክ አልነበረውም። መጀመሪያ ደስ አለን፤ ሣር ላይ ሲወርድ ድምፁ ለስላሳ ነው። ከዚያ አንዲት ጠብታ ከዳክዬዎቹ ያንደኛዋ ራስ ላይ አረፈች። ከዚያ ሌላኛዋ ላይ። ከዚያ እኔ ላይ። አልጋውን ወደ ግድግዳው ገፋነው፤ ጠብታው ተከተለን። እንግዳ መቀበያው ጋ ስደውል በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ ክዳኑ ኦሪጂናል ስለሆነ ነው» አሉኝና ባልዲ ላኩልን። ባልዲው ፕላስቲክ ነበር። በዚህ ብቻ ነው ቅር ያለኝ፤ ሸክላ መሆን ነበረበት።

አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ደርበን ተቀምጠን፣ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል እያዳመጥን ሳለ ስልኬ ጮኸ። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በዚያ ዝናብ ኔትወርኩ መጥቷል። እናቴ ናት።

«ልጄ፣ ደህና ናችሁ? ዝናቡ እናንተም ጋ አለ?»

«አለ እማዬ። ከተማ አይደለንም። ጎጆ ውስጥ ነን።»

«ምን ጎጆ?»

«የሣር ጎጆ። ሐይቅ ዳር።»

ዝም አለች። ከኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮዋ ላይ ሲደበድብ ይሰማኛል።

«ምነው ልጄ፣ አከራዮቹ አስወጧችሁ?» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ።

«ኧረ እማዬ፣ የራሳችን ቤት'ኮ ነው! ለመዝናናት መጥተን ነው። ከፍለን ነው።»

«ከፍላችሁ?» አሁንም ዝም አለች። «ያፈሳል?»

ባልዲውን አየሁት። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች ወይ ታለቅሳለች፤ ጨለማ ስለሆነ አይለይም።

«ትንሽ» አልኳት።

«በል ስማኝ» አለች እናቴ። «ከቤቱ የተረፈ ሁለት ቆርቆሮ ከጎተራው ኋላ አለ፤ ዝገት አልነካውም። ነገ በመጀመሪያው መኪና ልላክላችሁ?»