ለቪዛ ይሆናል

ጥያቄውን ሳይነኩ የሚያልፉ መልሶች አሉ። «ሲስተም የለም» አንዱ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሌላው ነው። እነዚህን ለምደናቸዋል፤ ሰምተን፣ አመስግነን እንመለሳለን። ሰሞኑን ግን አንድ አዲስ መልስ ሰምቼ እንቅልፍ ነሳኝ። የጉዞ ኢንሹራንስ ልንገዛ ገብተን «ይሄ ነገር ምን ምን ይሸፍናል?» ብዬ የጠየቅኳት ልጅ፣ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ለቪዛ ይሆናል ጋሼ» አለችኝ።

ተጓዧ አክስቴ ናቸው። ፍራንክፈርት ያለችው ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። የአራስ ቤት ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሕፃኑን ማጠቡና ማሸቱ፣ ሌሊት መነሳቱ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ ደም ግፊትና ስኳር ይዘው ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን አብራራሁት።

«እዚያ ሳሉ ግፊቱ ተነስቶባቸው ሆስፒታል ቢገቡ ይከፍላል?»

«ለቪዛ ይሆናል።»

«መድኃኒታቸው ቢጠፋስ?»

«ጋሼ፣ ኤምባሲው ይቀበለዋል። እስካሁን የተመለሰ የለም።»

በልጅቷ አልፈርድም። ቀኑን ሙሉ ፊቷ የሚቆመው ሰው የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ከኋላችን የነበረው ጎረምሳ ተራው ሲደርስ ያለው «የሼንገን አንድ» ብቻ ነው፤ ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም የለም። ገንዘቡን ቆጠረ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ሄደ። እሱን ሳይ እኔ ራሴ ነገር ፈላጊ መሰልኩ።

ቆንስላው የሚፈልገው ነገር የተጻፈ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የቪዛ ኮድ፣ አንቀጽ 15፣ አመልካቹ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው፣ በሼንገን አገሮች ሁሉ የሚሠራ፣ የሚቆይበትን ቀን በሙሉ የሚይዝ ኢንሹራንስ ያቅርብ ይላል። አገሮቹ ዛሬ 29 ደርሰዋል። አክስቴ ከልጃቸው ኩሽና ወጥተው አይስላንድና ማልታ የሚደርሱ አይመስለኝም፤ ከደረሱ ግን ተሸፍነዋል።

የሚሰጡህ ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማኅተም ያረፈበት፣ 30,000 ዩሮ የሚለው በደማቁ የተጻፈበት ባለ አንድ ገጽ ሰርተፊኬት ነው፤ ኤምባሲው የሚያየው እሱን ነው። ሌላው ፖሊሲው ነው፤ ወፍራም፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ እንግሊዝኛ። እሱን ማንም አያየውም። አክስቴ ግን መነጽራቸውን አውጥተው ካዩት በኋላ «አንብብልኝ» አሉ።

አክስቴ የዕድር ሰው ናቸው። ገንዘብ ያዥም ሆነው ያውቃሉ። ለእናትና ለአባት ስንት፣ ለወንድምና ለእህት ስንት፣ አዲስ ገቢ ጊዜው ሳይሞላ ሐዘን ቢደርስበት ምን ይደረጋል፣ ውዝፍ ያለበት ድንኳን ያገኛል ወይስ አያገኝም፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያውቁታል። ፖሊሲውንም ያዳመጡት እንደ ዕድር ደንብ ነው። መጀመሪያ የጠየቁትም «ጡሩምባውን የሚነፋው ማን ነው?» ብለው ነው። ሳቅሁ፤ ነገር ግን ከጠየቅነው ሁሉ ዋናው እሱ ነበር። ፖሊሲውን የሸጠልን ድርጅት እዚህ ነው። ሆስፒታሉን የሚያናግረውና «እኛ እንከፍላለን» የሚለው ግን ውጭ አገር ያለ የእርዳታ ኩባንያ ነው። ሐኪም ቤት ከመግባት በፊት፣ ሰው ከወደቀም በተቻለ ፍጥነት፣ እዚያ መደወል አለበት፤ ሳይደወል ቀርቶ ሂሳቡ ከመጣ ሊቀነስ ወይም ጭራሽ ላይከፈል ይችላል። ጡሩምባ ነፊው እንግዲህ «ለእንግሊዝኛ 1 ቁጥርን ይጫኑ» የሚል ድምፅ ነው።

ቀጥሎ «የማይሸፈኑ» የሚለው ምዕራፍ መጣ። በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ በፓራሹት መዝለል፣ እግርን በገመድ አስሮ ከድልድይ መወርወር፣ የሞተር ብስክሌት ውድድር፣ የኑክሌር ጨረር። «ይኼን የሚያደርግ ከእኛ ዘር አለ እንዴ?» አሉ አክስቴ ደስ ብሏቸው። ደንቡ ለእሳቸው የተጻፈ መሰላቸው። ጥቂት ዝቅ ስንል «ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም» የሚለው ላይ ደረስን። እሱም አይሸፈንም። ግፊቱ የለበትም፣ ስኳሩ የለበትም፣ ጉልበታቸውም የለበትም። ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ እኔ በምን ልታመም?» አሉ።

ጥያቄውን እንዳለ ለልጅቷ አደረስኩት። «በሌላ በሽታ ከታመሙ ይሸፍናል» አለችኝ። አንዳንድ ፖሊሲ የነበረ ሕመም ድንገት ሲነሳ፣ ሰውየው ከአደጋ እስኪወጣ ድረስ፣ በተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፤ አረቦኑም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ አላችሁ ወይ አልኳት። በእውነት ግራ ገብቷት አየችኝ። «እሱ እኮ ለቪዛ አያስፈልግም» አለች።

የሻንጣው ምዕራፍ ግን አክስቴን ከሕመሙ ሁሉ በላይ አነቃቸው። የአራስ ጠያቂ ሻንጣ ልብስ አይደለም የሚይዘው። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ የአጥሚት እህል አለ፣ በሶ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ልብስ ከተገኘም በርበሬው እንዳይፈስ የተጠቀለለበት ነው። ፖሊሲው የጠፋውን ዕቃ ዋጋ በደረሰኝ አስረዱ ይላል፤ ዕቃው አሮጌ ከሆነ ደግሞ የእርጅናውን ይቀንሳል። እስኪ አሁን የበርበሬ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ዛላው መርካቶ በርበሬ ተራ ተመርጦ፣ በክርክር ተገዛ። ተቀነጠሰ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ከዝንጅብሉና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ተደለዘ፣ እንደገና ተሰጣ፤ ደመና በመጣ ቁጥር እየተሮጠ ገባ፣ እየተሮጠ ወጣ። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው ገባበት። ወፍጮ ቤት ወረፋ ተያዘለት። ከዚህ ሁሉ መሀል ደረሰኝ የሚቆርጠው የትኛው ነው? ወፍጮ ቤቱ የሚሰጠው ማስነጠስ ብቻ ነው። የእርጅናው ቅናሽስ እንዴት ሊሰላ ነው? በርበሬ ሲከርም ይጣፍጣል ወይስ ይሞታል በሚለው ነገር አክስቴና እናቴ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የኢንሹራንሱ ካሳ ገማች ከማን ወገን እንደሚቆም ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሻንጣው ከዘገየም የሚከፈል አለ፤ ሰዓቱ ተቆጥሮ፣ ለጥርስ ብሩሽና ለቅያሪ ልብስ። አክስቴ የጥርስ ብሩሽ ነገር አላሳሰባቸውም። ክርስትናው ሳይደርስ በርበሬው ቢዘገይ ድግሱን ማን ይሸፍናል ነው የሚሉት። አየር መንገዱም በበኩሉ ተጠያቂ ነው። አገራችንም በገባችበት እ.ኤ.አ. በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለጠፋ፣ ለተበላሸ ወይም ለዘገየ ሻንጣ የካሳው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ በአንድ ተጓዥ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር አይኤምኤፍ የሚያወጣው የሒሳብ መለኪያ ነው እንጂ የሚመነዘር ኖት የለውም። የተበላሸውን በ7 ቀን፣ የዘገየውን ሻንጣው እጅ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ከሁሉም በፊት ግን ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ማስመዝገብ ነው። 1,519 ኤስዲአር በበርበሬ ሲመነዘር ቀላል አይደለም።

ቅቤውስ? ቅቤው ላይ ነገር ተበላሸ። የአውሮፓ ኅብረት ከእኛ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ፖሊሲው ደግሞ ጉምሩክ የወረሰው ዕቃ አይሸፈንም ይላል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ሳያቅማሙ «እሱን አታንብበው» አሉኝ።

እስኪ ደግሞ ትንሽ ልቆጣ። ያ አንቀጽ 15 ሽፋኑ ለምን ለምን እንደሆነ ዘርዝሮታል፤ ሕመምተኛን ወደ አገሩ ለመመለስ፣ ለአስቸኳይ ሕክምና፣ ለድንገተኛ የሆስፒታል ሕክምና፣ ለሞት። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የተጻፈው ማከሙ አይደለም፣ መመለሱ ነው። መጨረሻው ሬሳ ነው። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን ልታቅፍ ስትነሳ፣ ከበሩ ሳትደርስ፣ «ብትሞቺ የሚወስድሽ ማን ነው?» ትባላለች፤ መልሱንም ከነማኅተሙ ታመጣለች። ለዚያውም 90 ዩሮ ከፍላ። ለዚያውም መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የተቀመጡ ዜጎቹን ለመመለስ አልተባበረም ተብሎ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በተወሰደ እርምጃ፣ የ15 ቀኑ ውሳኔ ወደ 45 ቀን ተጎትቶባት። እሷ ማንን ያዘች? ከዋሽንግተን ወይም ከቶኪዮ ለሽርሽር የሚነሳው ሰው ቪዛ ስለማያስፈልገው ይህን ወረቀት የሚጠይቀው የለም። እሱም ይታመማል፣ እሱም ይሞታል፤ የእሱ ሬሳ ግን አላሳሰባቸውም።

ከዚያ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የራሳችን ነው። ቅጹ ላይ «ሕመም አለብዎት ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ልጅቷ ምንም ሳትጠይቅ «የለም» የሚለው ላይ ልትነካ ስትል ነው «ቆይ!» ያልኳት። ግፊታቸውን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ኪኒናቸውን ከቦርሳቸው ሲያወጡ አይታለች። ነገ ካሳ ሲጠየቅ ከፋይል ወጥቶ «ዋሽተው ነበር» የሚያሰኘው ያ «የለም» ነው። አረቦኑን ከመቀበል በፊት «የእርስዎ ሕመም አይሸፈንም» የሚለውን በአማርኛ መናገር ስንት ብር ያስወጣል? ሰው የማይሠራለትን ነገር አውቆ ከገዛ የራሱ ጉዳይ ነው። የገዛው ለሕመሙ እየመሰለው ከሆነ ግን ያ ንግድ አይደለም።

ልጅቷ ክፉ ልጅ አይደለችም እንጂ። አክስቴ ወዴት እንደሚሄዱ ሲነግሯት ፊቷ በራ፤ «እንኳን ማርያም ማረችልዎ» አለቻቸው። ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀች። ቅጹን አስተካክላ ሞላችው፤ ፓስፖርታቸውን በነፃ ኮፒ አደረገችላቸው፤ የእርዳታውን ስልክ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፈችላቸው። ቪዛው ከተከለከለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ ስላት፣ የመከልከያ ደብዳቤው ሲቀርብ፣ መነሻው ቀን ሳያልፍ፣ የአገልግሎት ተቀንሶ ይመለሳል ብላ አንድ ነገር ሳታጓድል ነገረችኝ። ይህንን ጥርት አድርጋ ታውቀዋለች።

መልሱ ገና አልመጣም፤ ቀን እየቆጠርን ነው። በዚህ መሀል ሜሪላንድ ያለው ወንድ ልጃቸው ስልክ ደውሎ «ቀጥሎ እኛ ጋ ነሽ» አላቸው። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ኢንሹራንስ አይጠይቅም። እዚያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ፣ ድንገተኛ ክፍል የደረሰን ሰው ሆስፒታሉ ገንዘብ አለህ ወይ ሳይል መመርመርና ማረጋጋት አለበት፤ ሂሳቡ በኋላ በፖስታ ቤት ይመጣል፤ ያን ፖስታ የከፈተ ዘመድ ያለው ሰው መጠኑን ያውቀዋል። ብዙ ፖሊሲ ላይ ደግሞ «ከአሜሪካና ከካናዳ በስተቀር መላው ዓለም» የሚል መስመር አለ። እናታችሁን ወደዚያ ልትወስዱ ያሰባችሁ፣ ማንም አይጠይቃችሁምና እናንተው ሻጩን ጠይቁት፤ ግፊቷ ቢነሳ ትከፍላላችሁ ወይ በሉት፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።