ደርሶ መልስ

አሜሪካ ለመጣ አማት የሚታየው ነገር የታወቀ ነው፤ ዋይት ሐውስ ከአጥሩ ውጭ፣ ሊንከን ከእግሩ ሥር፣ የኮስትኮ መደብር ከውስጥ። የባለቤቴ አባት ሦስቱንም በትዕግሥት ጎብኝተዋል። ድሬዳዋ ተወልደው ድሬዳዋ የሸበቱ፣ በመሀል ያለውን ዕድሜ በምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ግን፣ ሊንከን ሐውልት ሥር ቆመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ባቡር አሠርቷል?»

አሠርቷል። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው መስመር እንዲዘረጋ እ.ኤ.አ. በ1862 ሕጉን የፈረመው እሱ ነው። ይህን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐውልት ማሳየት ትርፉ ልፋት መሆኑ ለባለቤቴ ገባት። ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነዳን፤ ፔንሲልቫኒያ፣ ስትራስበርግ። አገሩ አሚሽ የሚባሉ አጥባቂ ክርስቲያኖች የሚበዙበት ነው። መኪና አይገዙም፣ በፈረስ ጋሪ ነው የሚሄዱት። አባባ ከጎናችን የምትሶመሶመውን ጋሪ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አሁን እኔን ውቅያኖስ አሻግራችሁ ያመጣችሁኝ ጋሪና የከሰል ባቡር ልታሳዩኝ ነው?»

ነበር።

የስትራስበርግ ባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1832፣ አጼ ምኒልክ ከመወለዳቸው 12 ዓመት በፊት ተቋቁሞ ዛሬም በዚያው ስሙ የሚሠራ ነው። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ማይል ተኩል፣ ማለትም 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አበቃለት ተብሎ ሊዘጋ ሲል፣ ባቡር የሚወዱ የአካባቢው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዙት፤ በ1959 ጎብኚ ማሳፈር፣ በ1960 ደግሞ በእንፋሎት መሄድ ጀመረ። አባባ ቁጥሩን ሰምተው ሳቁ። «የእኛ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ይኼማ ከድሬ ሳይወጣ ያልቃል።»

«አጭር ስለሆነ ነዋ የተረፈው» አለች ልጃቸው።

ሎኮሞቲቩ ቁጥሩ 90 ነው። የፊላዴልፊያው ባልድዊን በ1924 ሠርቶት፣ ኮሎራዶ ውስጥ ለስኳር ፋብሪካ ሹገር ቢት ሲጎትት ኖሮ በ1967 ነው እዚህ የገባው። አሥር ነጂ ጎማ አለው። በጥቁር ቀለም ተወልውሎ፣ ቆሞም ቢሆን ዝም አይልም፤ ያንጠባጥባል፣ ይተነፍሳል፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ድንገት ፉሽ ይልና ፎቶ የሚነሡትን ሁሉ ወደ ኋላ ያስፈነጥራቸዋል። ጋቢናው ውስጥ አንገታችንን አስገብተን አየን። እሳት አቀጣጣዩ የምድጃውን በር ሲከፍተው ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፤ ከሰሉን በአካፋ ወርወር አድርጎ ወዲያው ይዘጋል። ዐይኑ ግን እሳቱ ላይ አይደለም፤ የውሃውን ልክ በምታሳየው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ላይ ነው። ከእሳቱ በላይ ያለውን ብረት ውሃ ካልሸፈነው ብረቱ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቦይለሩ ይፈነዳል። የከሰል ባቡር ሲባል ሰው የሚፈራው እሳቱን ነው፤ የሚያስፈራው ግን የውሃው ማነስ ነው።

የባቡሩ ሠራተኞች ሌላም ነገር ነገሩን። በፌዴራሉ ደንብ አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ 1,472 የሥራ ቀን ከሞላው ወይም 15 ዓመት ካለፈው ተፈታትቶ ቦይለሩ ከውስጥ ከውጭ መመርመር አለበት። ባለቤቴ ይህን የመሰለ ቀዳዳ ስትጠብቅ ነው የከረመችው፤ አባቷ ከመጡ ጀምሮ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለዋል። «አየህ አባባ? ብረት እንኳ ይመረመራል!»

«እኔ 1,472 ቀን ሞልቶኝ ማንም አልፈታኝም» አሉ። «ጡረታ ነው ያወጡኝ።»

አባባን ያስደነቃቸው ግን ሎኮሞቲቩ አልነበረም፤ ጋራዡ ነው። ባልድዊን ሎኮሞቲቭ መሥራት ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መለዋወጫ ልግዛ ቢሉ መርካቶም የለ፣ ፊላዴልፊያም የለ። ስለዚህ የተበላውን ቁራጭ እዚያው ቀርጸው፣ ቀጥቅጠው፣ በይደው፣ በቶርኖው አስተካክለው ይሠሩታል። ይባስ ብለው የሌላ ሙዚየምና የሌላ ባቡር ኩባንያ ሎኮሞቲቭም እየተቀበሉ ይጠግናሉ፤ ገቢያቸው ከቱሪስት ብቻ አይደለም። አባባ ቶርኖው አጠገብ ብዙ ቆሙ። አንድ ጎረምሳ እጁ በግራሶ ጠቁሮ ሲሠራ አይተው፣ «ይኼ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ። ሃያዎቹ ውስጥ ይሆናል። «ሃያዎቹ ውስጥ» ብለው ደገሙት። ሌላ አልጨመሩም።

ፉርጎዎቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለፋቸው ናቸው። ቫርኒሹ ያብረቀርቃል፣ የወንበሩ ጨርቅ አዲስ ነው፣ ለክረምት በከሰል የሚሞቅ ምድጃ ጥግ ላይ ተተክሏል። አንደኛ ማዕረግ አለ፣ ምሳ የሚቀርብበት ፉርጎ አለ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነም አለ። አባባ ገብተው የመስኮቱን ደፍ በጣታቸው ጠረግ አደረጉና ጣታቸውን አዩ። ንጹሕ ነው። ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር ተመለከቱ። እዚያም ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አሉ፣ እንደ ተከዳ ሰው።

ሊገባኝ የቻለው ታሪካቸውን ስለማውቅ ነው። በእሳቸው ዘመን ከወንበር ሥር ኮንትሮባንድ ያልተገኘበት ፉርጎ ካለ፣ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ሽቶው፣ ቡታንታው፣ ሬዲዮኑ፣ የዱቄት ወተቱ። ከጅቡቲ በኩል ስትሳፈር ቀጭን የነበረች ሴት ድሬ ስትደርስ ስድስት ቀሚስ ደርባ፣ ሰባተኛውን ለልጇ አልብሳ፣ በሩን በጎን ነው የምታልፈው። ፊናንስ ያለበት ጣቢያ ሲቃረብ ከመስኮቱ የማይወረወር ጥቅል የለም፤ ከሐዲዱ ዳር ቆሞ የሚለቅመው ደግሞ አስቀድሞ የተስማማው ዘመድ ነው። እሳቸው ትኬት ለመጠየቅ በሰው ትከሻ ላይ ይረማመዱ ነበር። ኤረር ላይ ብርቱካን፣ ሌላው ጣቢያ ላይ የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት ይገባል፤ ገንዘቡ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይከፈላል፣ ወይም አይከፈልም። እነዚህ ፈረንጆች ብሎኑን ሳይቀር መልሰዋል። ተሳፋሪውን ግን አልጠገኑትም።

ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ፤ ጥቁር ሰደርያ፣ የኪስ ሰዓት፣ በእጁ መብሻ። አባባ ብድግ ብለው «ቦንዡር ሞሲዬ!» አሉት። ለእሳቸው የባቡር ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፤ የፔንሲልቫኒያ ባቡር እንግሊዝኛ ይናገራል ብሎ የነገራቸው የለም። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሳቀ። ከዚያ መብሻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩ፣ በራሳቸው ትኬት ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረጉ፣ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አንሥተው መረመሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ተግባቡ፤ እኔን የፈለገኝ የለም።

ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። ግራና ቀኙ የበቆሎ ማሳ ነው፤ የአሚሽ ልጆች በባዶ እግራቸው ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ባለቤቴ «አየሩ እንዲነካኝ» ብላ ክፍቱ ፉርጎ ውስጥ በነጭ ቀሚስ ሄዳ ነበር። አባቷ ጠዋት «ነጭ አትልበሺ» ብለዋታል። ስትመለስ በጥላሸት የጅግራ ላባ መስላለች።

መስመሩ የሚያልቀው የአምትራክ ኤሌክትሪክ ባቡሮች ከሚያልፉበት ዋና ሐዲድ አጠገብ፣ ፓራዳይዝ በሚባል ቀበሌ ነው። ከገነት ደርሶ መልስ ትኬት የሚሸጥ ሌላ ኩባንያ አላውቅም። እዚያ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በጎን ሐዲድ ይዞርና በሌላው ጫፍ ይቀጠላል። በኖቬምበር 2022 የዚሁ ኩባንያ 475 ቁጥር ሎኮሞቲቭ እዚህ ሲዞር፣ ሐዲድ ላይ ከቆመ ኤክስካቫተር ጋር ፊት ለፊት ተጋጭቶ ቪዲዮው ዓለምን ዞሯል፤ የተጎዳ ሰው ግን አልነበረም። አባባ አልገረማቸውም። «የእኛ ግመል ነው የሚገጨው» አሉ። «የሞተችው ግመል ደግሞ ምንጊዜም እርጉዝ ናት። የሁለት ካሳ ትከፍላለህ።»

ባቡሩ ወደ መጣንበት መንቀሳቀስ ሲጀምር ደነገጡ።

«ደርሰናል እንዴ?»

«አዎ አባባ፤ አሁን እየተመለስን ነው።»

«ማን ወረደ?»

«ማንም።»

«ማን ተሳፈረ?»

«ማንም።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ታዲያ ለምን መጣን?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ፤ አጠገባችን የነበረ ሕፃን ግን በደስታ እየጮኸ መልሱን ይሰጣቸው ነበር።

ፍርዳቸውን የሰጡት መኪና ውስጥ ነው። ጥገናው መቶ፣ ጉዞው ዜሮ። ቀጥለው ደግሞ ያልጠበቅነውን አሉ። ባቡር ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው። ያን ሁሉ 784 ኪሎ ሜትር ማቆየት ከባድ ነበር፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር መጥቷል፣ ይሁን። «ሰባት ኪሎ ሜትሩን ግን ማን ከለከለን?» አሉ። «ጋራዡ አለ። ሐዲዱ አለ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልቁ አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አጠገባቸው ማቆም ነው።»

እንግዲህ የሚመለከተው ክፍል ካለ፣ አቤቱታው ከአንድ ጡረተኛ ትኬት ተቆጣጣሪ የቀረበ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ እንቁላል ሻጮቹ በነጻ ይሳፈሩ።