ሐጃ የት ይቀመጡ? ክብደት በካርቱም ራክሻ ላይ ስላለው ተፅዕኖ የቀረበ ጥናት

የእሽቅድምድም መኪና ሊቃውንት በክብደት አይቀልዱም። በፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2019 ሾፌሩ ከነወንበሩ ቢያንስ 80 ኪሎ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር፤ ቀጭን ከሆነ በብረት ይሞላለታል። መኪናውን ለማመጣጠንም ከእርሳስ የሚከብደውን ተንግስተን ወለሉ ላይ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ ሲያደርጉት የመታጠፊያ ጠባዩ ይለወጣል። የእኛ ጥናት የሚያተኩረው ግን ማመጣጠኛው ራሱ ሒሳብ በሚከፍልበት፣ ሲያሻውም በሚከራከርበት ተሽከርካሪ ላይ ነው፤ በራክሻ፣ ማለትም በባጃጅ። ወሰኑም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት የነበረችው ካርቱም፣ በተለይም ሐበሻ ይበዛበት የነበረው የደይም ሰፈር ነው።

ባዶ ራክሻ ሦስት ኩንታል ከምናምን ትመዝናለች። ሾፌርና ሦስት ጎልማሳ ሲወጡባት ሰዉ ከብረቱ ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ሕንዳዊው መሐንዲስ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶ ቀሪውን ለደይም ሕዝብ አስረክቧል ማለት ነው።

ጎማዋ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ነው። ሦስቱን በመስመር ብናገናኝ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የክብደቱ ጫና ከዚያ እስካልወጣ ድረስ ራክሻዋ አትገለበጥም። ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደፊት፣ ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት። እየታጠፉ ፍሬን መያዝ ሁለቱን ኃጢአት ባንድ ጊዜ መሥራት ነው። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1973 ሪላያንት ሮቢን የተባለች ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሲያወጡ ይኸው ፈተና ነበረባቸው። ሱዳን በዚያው ዓመት ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት እየተሸጋገረች ስለነበር ምክር ለመስጠት ጊዜ አልነበራትም።

አሁን ወደ መስክ ምልከታው እንግባ። ሰውነታቸው ሞላ ያለ አንዲት ሐጃ (ሱዳኖች ትልቅ ሴትን በአክብሮት የሚጠሩበት ስም ነው) ግራ ጥግ ይዘዋል፤ አጥንቱ የቀረ ተማሪ ቀኝ ጥግ። መሀሉ ባዶ ነው። ራክሻዋ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የቀኙ የኋላ ጎማ አስፋልቱን ለመሰናበት ይዳዳዋል። ሾፌሩ ፊዚክስ ሳይማር መቀመጫውን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ከዚያም፣

«ያ ሐጃ፣ እባክዎ መሀል ይግቡልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ መሀል ነፋስ የለም!»

በግንቦት ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ክርክሩ እዚህ ላይ ይዘጋል። በዚህ ረገድ ራክሻና ፎርሙላ ዋን አንድ ናቸው፤ በሁለቱም የመጨረሻው ቃል የነፋስ ነው።

ከሁሉ የተሻለ ውጤት የተመዘገበው ሻይ ሻጭ እኅታችን ስትሳፈር ነው። መሀል ትቀመጣለች፤ ከሰሉንና የጀበናውን ዘንቢል እግሯ ሥር ታደርጋለች፤ የክብደቱ መሀል ዝቅ ይላል፣ ራክሻዋም አደብ ትገዛለች። ለዚህ ግኝት ቅናሽ የጠየቀች እንደሆነ አልሰማንም፤ ቢገባት ግን አይበዛባትም።

አንባቢ ሆይ፣ ከባዱን ሰው መሀል አስቀምጡ፤ ፍሬኑም ከመታጠፊያው በፊት ይያዝ። ሐጃ እምቢ ካሉ አትከራከሩ፤ በተቃራኒው ጥግ ተቀመጡና ብረቱን አጥብቃችሁ ያዙ።