ስለ ጣሊያን ቤት የጋራ እራት የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በጣሊያን ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ በማዘዛቸው፤ በዚሁ ምሕረት አገራችን ውስጥ ከቀረው ጣሊያን ከፊሉ ጋራዥ፣ ከፊሉ ምግብ ቤት በመክፈቱ፤ ፓስታም ውሎ አድሮ በእንጀራ እስከመጠቅለል ደርሶ የቤት ልጅ በመሆኑ፤ ይሁን እንጂ ስድስት ጠረጴዛ ባላት ጠባብ ጣሊያን ቤት አሥራ አራት ሆኖ እራት መብላት ያለ ሕግ እንደማይቻል በመረጋገጡ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “እኔ አልራበኝም” ማለት ከሁላችሁም ሳህን እቀምሳለሁ ማለት ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ ጠረጴዛ
ሦስት ጠረጴዛ በተገጠመበት ስንጥቅ ላይ የወይን ብርጭቆ ማቆም ክልክል ነው። ግድግዳ ጥግ የሚቀመጥ ሰው የሽንት ቤት ጉዳዩን አስቀድሞ ይጨርስ።

አንቀጽ 3፦ ስለ ማዘዝ
ሜኑውን ሩብ ሰዓት አገላብጦ “ለኔም እንደሱ” ማለት፣ ሳህኑ ሲመጣ ደግሞ የጎረቤትን መመኘት ያስጠይቃል። ጣሊያን ፓስታውን ጥርስ ላይ ጠንከር እንዳለ ነው የሚያወጣው፤ ስለሆነም “ይኼ ነገር አልበሰለም” ብሎ ወደ ማድ ቤት መመለስ አይፈቀድም። እኛ ቤት እስኪላላ እንደሚቀቀል አዋጁ ያውቃል፤ ዝምታን መርጧል። ሚጥሚጣ መጠየቅ ግን የማይገሰስ መብት ነው።

ረቡዕና ዓርብ ደረቁ ስፓጌቲ ስንዴና ውሃ ስለሆነ በቲማቲም ለጾም ይሆናል፤ ትኩሱ ታሊያቴሌ ግን እንቁላል አለበት። አስተናጋጁ “የጾም ነው” ብሎ ካስቀመጠ በኋላ ከላይ ፓርሜዛን ቢፈገፍግበት ጿሚው እንዳላየ ሊሆን አይችልም፤ አሥራ ሦስት ምስክር አለ። ካርቦናራ ያዘዘም ውስጡ የአሳማ ሥጋ መኖሩን ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት ይጠይቅ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ጉርሻ
“አንድ ጉርሻ ያጣላል” የሚለው ልማድ በስፓጌቲ ላይ ተፈጻሚነት የለውም። ሹካ ላይ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛ ማዶ የተላከ ስፓጌቲ መሃል መንገድ ይፈታል፤ ጭራውም የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ስጎ ጠብ እያደረገ ይሻገራል። “በሞቴ” ተብሎ የተለመነ ተጎራሽ ሸሚዙን መከላከል ይችላል። ላዛኛ ማጉረስ ተፈቅዷል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሒሳብ
የዚህ አዋጅ ዋና ምክንያት ይህ ነው። እጅ ልታጠብ ብሎ ተነሥቶ ካሸሩ ጋ በድብቅ የከፈለ ጋባዥ ቢወቀስም ይመሰገናል። ሒሳቡ ብቅ ሲል ስልክ ለማንሳት ደጅ የወጣ ሰው ግን ከነቫቱ ድርሻውን እንዳመነ ይቆጠራል። በቴሌብር ለመላላክ ከተስማሙ፣ ውሃ ብቻ የጠጣችውና የወይን ጠርሙሱን ብቻውን ያወረደው እኩል ይክፈሉ ማለት ግፍ ነው፤ “15 በመቶው ከሰርቪሱ በፊት ነው በኋላ?” የሚል ክርክር የሚያነሣ ሰውም ስሌቱን እስከ መጨረሻው ራሱ ይወጣው።

አንቀጽ 6፦ ስለ ቡና
ጣሊያን ካፑቺኖን ከጠዋት አያሳልፍም ቢባልም፣ ከእራት በኋላ ማኪያቶ ጠቆር ወይም ነጣ አድርጎ ማዘዝ የጸና ነው። በዚህ አንደራደርም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ተሻሩ ሕጎች
ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም መመሪያ፣ ልማድና ይሉኝታ ተሽሯል።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ አስተናጋጁ ወንበሮቹን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ መስቀል ከጀመረበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።