ጨው የሚበላው ማሽን ሲያምፅ

ይድረስ ለአባዬና ለእማዬ፣ ፍኖተ ሰላም። ከላስ ቬጋስ።

በላስ ቬጋስ በብዙ ቤት ጋራዥ ውስጥ ጨው እየበላ የሚኖር ማሽን አለ። ውሃ ማለስለሻ ይባላል። የላኪው ጤና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፤ የታመመው ማሽኑ ስለሆነ ደብዳቤው ስለ እሱ ነው።

ከከተማዋ ውሃ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ሁቨር ግድብ ካቆመው ከሚድ ሐይቅ ነው። ወንዙ በኖራ ድንጋይ ላይ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። መጠናቸው በካልሲየም ካርቦኔት ልክ ሲሰላ በአንድ ሊትር ውስጥ 280 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ ከ180 በላይ የሆነ ውሃ ደግሞ «በጣም ጠንካራ» ተብሎ ይመደባል። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናን እንደ ልብ አያስረፋም፤ በማፍሊያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ የውሃ ማሞቂያን ዕድሜ ያሳጥራል፤ የታጠበ ነጠላንም ያሻክራል።

ማሽኑ ሁለት ጋን አለው። በአንደኛው ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች አሉ፤ እነሱም ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ይዘው በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። እንክብሎቹ ሲጠግቡ ከሁለተኛው ጋን የሚመጣ ብርቱ የጨው ውሃ ያጥባቸዋል፤ እጣቢው በፍሳሽ ቱቦ ይወጣል። እንግዲህ ጨዉ የሚገባው ለውሃው ሳይሆን ለእንክብሎቹ ማጠቢያ ነው። የጎጃም አያቶች ከአፋር ጨው ሜዳ በግመልና በበቅሎ የመጣውን አሞሌ ገንዘብ አድርገው በባሶ ገበያ ሲገበያዩበት ኖረዋል፤ ላስ ቬጋስ ላይ 18 ኪሎ ጨው በከረጢት ተገዝቶ ወደ ፍሳሽ ይደፋል። ለአንድ እጥበት የሚባክነው ውሃም 200 ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ 10 ጀሪካን መሆኑን ውሃ የቀዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ማሽኑ ሥራ ያቆመ ሲመስል መጀመሪያ የሚመረመረው ውሃው ነው። ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሳሙና ጠብ አድርጎ መናጥ ይበቃል። አረፋው ከቆመና ውሃው ከጠራ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ውሃው እንደ አጓት ከደፈረሰ ታሟል። የዱቄት ሳሙና ግን በጠንካራ ውሃም ስለሚያረፋ ለዚህ ምስክርነት አይበቃም።

ቀጥሎ ገንዘብ የማያስወጣው ፍተሻ ይመጣል። ባይፓስ የሚባለው ቫልቭ ተከፍቶ ከሆነ ውሃው ማሽኑን ሳይነካ ያልፋል፤ ይህ የሚያጋጥመው አትክልት ሊያጠጣ ቫልቩን ያዞረ ሰው መመለሱን ሲረሳ ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ይታያል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ሰዓቱ ሊዛባ ይችላል፤ የሐበሻ ቤት ልዩ ችግር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚታጠበው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ጎጃሜው ማለዳ ተነሥቶ ሰዓቱን እንደ አገሩ 1 ብሎ ከሞላው፣ ማሽኑ እንደ ታዘዘው 2 ላይ ይታጠባል፤ ያ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሻወር ቤት የሚሰለፍበት ጊዜ ነው። በእጥበት ላይ ያለ ማሽን ደግሞ ለቤቱ የሚሰጠው ያልለሰለሰ ውሃ ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ የጨው ጋኑ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ጨው ሞልቶ ይታያል፤ ይህ ግን አይታመንም። እርጥበት ያገኘ ጨው ከላይ ተጋግሮ ድልድይ ይሠራል፤ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ውሃውም ጨዉን አያገኘውም። መፍትሔው በመጥረጊያ እንጨት ቀስ ብሎ ወጋ ወጋ አድርጎ መናድ ነው። በኃይል የመታ ጋኑን ይሰነጥቃል። ጨዉ ከታች ጭቃ ሆኖ ከተኛ ደግሞ ተዝቆ ይወጣል፤ ጋኑም ይታጠባል።

ጨው ኖሮ ውሃው ካልለሰለሰ ጥርጣሬው ወደ ኢንጀክተር ይዞራል። ይህች የጨው ውሃውን የምትስብ ጠባብ ቀዳዳ በአሸዋና በዝገት ትደፈናለች፤ የማሽኑ ውሃ ተዘግቶ ተፈትታ ትታጠባለች። የጨው ጋኑ በውሃ ከተጥለቀለቀ ተንሳፋፊው ወይም የፍሳሽ ቱቦው ይመረመራል። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ካለ ደግሞ እንክብሎቹ በቅጡ አልተለቀለቁም ማለት ነው፤ አንዱ ምክንያት የታጠፈ የፍሳሽ ቱቦ ነው።

የመጨረሻው እንክብሎቹ ራሳቸው ናቸው። ክሎሪን ያደክማቸዋል፤ የብረት ዝገትም ይሸፍናቸዋል። በቧንቧ ወንፊት ላይ ጥቃቅን ቢጫ ቅንጣቶች ከታዩ በውስጥ ያለው ማጣሪያ ተሰብሮ እያመለጡ ነው፤ ባለሙያ የሚጠራው ያን ጊዜ ነው። ባለሙያ ክዳን ከፍቶ አይቶ ለመሄድም ስለሚያስከፍል፣ ቫልቩን፣ ሰዓቱንና ጨዉን ሳያዩ መጥራት ለመጥረጊያ እንጨት የቴክኒሻን ደመወዝ መክፈል ነው።

ስለ መጠጡም አንድ ነገር አለ። 280 ሚሊግራም የነበረው ውሃ ሲለሰልስ በሊትር 130 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨምራል። ስለዚህ በብዙ ቤት የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ በማሽኑ አያልፍም፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን መጠየቅ አለበት። ለአትክልትም አይመረጥም። 

ለእናንተ አገር ግን ይህ ማሽን ላያስፈልግ ይችላል፤ የጎጃም ደጋ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። የኖራው ድንጋይ ጎልቶ የሚታየው ዓባይ በረሃ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ነው፤ በጠንካራ ውሃ የምትታወቀውም ድሬዳዋ ናት። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ደግሞ ያለ ማሽን ለስላሳ ነው። ስለዚህ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ላይ ይህን ማሽን ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ከመጣ፣ ከብር በፊት ጠርሙስና ሳሙና ይቅረብለት። ካረፋ ገንዘቡ ለበሬ ይሁን።



ልጃችሁ